እጅጌ ያለው ደበሎ፦ ስለ ክፍት መኪና ጃኬት አጭር ታሪክ

የመጽሔቱ አዘጋጆች «ስለምታውቁት ነገር ታሪክ ጻፉልን» ሲሉን መጀመሪያ አመንትተን ነበር። ትምህርታችን ከሁለተኛ ደረጃ አላለፈም። ሆኖም እኛ ሁለት ወንድማማቾች እዚህ ናይሮቢ ያገለገሉ ካፖርቶችና ጃኬቶች መሸጥ ከጀመርን ብዙ ዘመን ስላለፈ፣ ልብስም እንደ ሰው የዘር ሐረግ እንዳለው ተረድተናል። ስለዚህ የምናቀርብላችሁ የአንድ ጃኬት ታሪክ ነው፤ ጣሪያዋ በሚከፈት መኪና በብርድ ወራት የሚለበሰው የድሮ ዓይነት ጃኬት።

ነገሩን ያስነሣው አንድ የማኅበራችን ወጣት አባል ነው። ጣሪያዋ የሚከፈት አሮጌ ፎልስዋገን ገዝቶ ካሳደሰ በኋላ ወደ ሱቃችን መጣና «ጋሼ፣ መኪናዋ አልቃለች፤ አሁን የቀረኝ ጃኬት ነው። እንደ ድሮ ፓይለት የሚያስመስል ስጡኝ» አለን። መስታወት ፊት ቆሞ የመረጠው ስስ ቡናማ የቆዳ ጃኬት ነበር። እንደማያሞቀው ብንነግረውም «ቆዳ እኮ ነው!» ብሎ ከፍሎ ሄደ። በሳምንቱ አፍንጫውን በመሐረብ ይዞ ተመለሰ። እሑድ ማለዳ ጣሪያዋን ከፍቶ እስከ ሊሙሩ ነድቶ ነበር።

አገር ቤት ያሉ ዘመዶቻችን «ኬንያም ብርድ አለ እንዴ?» ብለው ይጠይቁናል። ናይሮቢ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር አካባቢ ላይ ያለች ከተማ ናት። ሊሙሩ ደግሞ ከ2,000 ሜትር በላይ ነው። በሰኔ፣ በሐምሌና በነሐሴ ሰማዩ በደመና ተሸፍኖ ይውላል፤ ማለዳውም አጥንት ይሰብራል። በዚህ ላይ መኪናው የራሱን ንፋስ ይፈጥራል። የአየር ጠባይ ባለሙያዎች በሚጠቀሙበት ስሌት፣ 10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሆነ አየር በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ገላን ሲመታ 5 ዲግሪ ያህል ሆኖ ይሰማል። አየሩ 5 ዲግሪ ከሆነማ ስሜቱ ከዜሮ በታች ይወርዳል። ወጣቱን ያሳመመው እንግዲህ ይህ ነው።

ይህን ችግር በመጀመሪያ ያዩት የመኪና ጥንታውያን ናቸው። ጀርመናዊው ካርል ቤንዝ በ1886 እ.ኤ.አ. የፈጠራ መብት ያስመዘገበባት ባለ ሦስት እግር መኪና ጣሪያም የፊት መስታወትም አልነበራትም። እንግሊዛዊው ቤድ ቤንትሊ በ1900 ዓ.ም. ለዐፄ ምኒልክ ወደ አዲስ አበባ ያመጣት ሲድሊ የተባለች መኪናም ክፍት ነበረች። በአሜሪካ እንኳ እስከ 1920ዎቹ አጋማሽ እ.ኤ.አ. ድረስ አብዛኞቹ መኪኖች ክፍት ነበሩ። (ከዚህ በኋላ «ዓ.ም.» ካላልን በስተቀር የምንጠቅሰው የፈረንጁን ዘመን ነው።) ስለዚህ በዚያ ዘመን የሾፌር ልብስ ለጌጥ የሚለበስ አልነበረም። የአቧራ መነጽር፣ ረጅም ጓንት፣ ከባድ የቆዳ ወይም የጠጉር ካፖርት፣ ጉልበት ላይ የሚጣል ብርድ ልብስ ከመኪናው ጋር አብረው የሚገዙ ዕቃዎች ነበሩ። እንግሊዛዊው ቶማስ በርበሪ በ1879 የፈለሰፈው ጋባርዲን የተባለ ጥብቅ ጨርቅም ዝናብና ንፋስ ስለማያስገባ ሾፌሮች ወደዱት።

ከዚያ በኋላ መኪኖች ጣሪያ ለበሱ፣ ሾፌሩም ካፖርቱን ማውለቅ ጀመረ። ብርዱ ግን ሌላ ሰው አገኘ፤ እርሱም አውሮፕላን አብራሪው ነው። ያን ጊዜ የአብራሪው መቀመጫ ክፍት ነበር። የአሜሪካ ጦር አየር ክፍል በ1931 ኤ-2 የተባለውን ጃኬት ደንበኛ ልብሱ አደረገ። ብዙውን ጊዜ ከፈረስ ቆዳ የሚሠራ፣ ወገብ ላይ የሚያልቅ፣ በዚፕ የሚዘጋ፣ ገበሩ ስስ የሆነ ጃኬት ነው። ወጣቱ ወዳጃችን የገዛው የዚህን አምሳያ ነበር። መልኩ ያምራል፤ ብቻውን ግን ለከባድ ብርድ አይሆንም።

ለከባድ ብርድ የሆነው ሌላ ነው። አሜሪካዊው ሌስሊ ኢርቪን በ1919 ከአውሮፕላን ዘሎ በአየር ላይ ሳለ በገዛ እጁ ጃንጥላ የከፈተ ደፋር ሰው ነው። በ1926 እንግሊዝ አገር ሌችወርዝ በተባለች ከተማ የጃንጥላ ፋብሪካ አቋቋመ። በ1930ዎቹ ደግሞ ጠጉሩ ወደ ውስጥ የሆነ የበግ ቆዳ ጃኬት ሠራ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የእንግሊዝ አየር ኃይል አብራሪዎች የለበሱት ይህንን ነው። ኮሌታው ሰፊና ጠጉራም፣ እጅጌው ላይ ዚፕ ያለበት፣ ወገቡ በቀበቶ የሚታሰር ነው። አሜሪካኖችም ቢ-3 የተባለ ተመሳሳይ የበግ ቆዳ ጃኬት ነበራቸው። ከጦርነቱ በኋላ የተረፈው የወታደር ልብስ በርካሽ ሲሸጥ ሞተር ብስክሌትና ክፍት መኪና የሚነዱ ወጣቶች ተሻሙበት። በ1950ዎቹ የአሜሪካ አብራሪዎች ወደ ናይሎን ጃኬት ሲዞሩ ቆዳው ለሲቪሉ ቀረ። ከሾፌር ወደ አብራሪ የሄደው ልብስ ዞሮ ዞሮ ወደ ሾፌሩ ተመለሰ ማለት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እናንሣ። ጠጉሩ ያልተላጨ የበግ ቆዳ ለብሶ ብርድን ማሸነፍ ለኛ አዲስ ነገር ነውን? የቆሎ ተማሪ በጎጃምና በጎንደር ደጋ ክረምቱን የሚገፋው በደበሎ አይደለምን? ጠጉሩ አየርን አፍኖ ይይዛል፣ የታፈነው አየር በገላ ሙቀት ይሞቃል፣ ቆዳው ደግሞ ንፋሱን ይከለክላል። የኢርቪን ጃኬት ሥራም ይኸው ነው። ባጭሩ እጅጌና ዚፕ ያለው ደበሎ ነው ብንል ማጋነን አይሆንም። እኛ ግን ደበሎን የድህነት ምልክት አድርገን አይተን የፈረንጁን በውድ እንገዛለን። ይህን የምንለው ሌላውን ለመውቀስ አይደለም፤ ከሁሉ በፊት ጥፋቱ የደረሰብን እኛው ነን።

አባታችን በወጣትነቱ የመንገድ ሥራ ሾፌር ነበር። ከደብረ ብርሃን እስከ ጣርማ በር በሸራ ጣሪያ ዊሊስ ጂፕ ይመላለስ ነበር። አብሮት ይሠራ የነበረ አንድ እንግሊዛዊ መሐንዲስ ወደ አገሩ ሲመለስ የበግ ቆዳ ጃኬቱን ሰጠው። አባታችን በጣርማ በር ጉም ውስጥ ዓመታት ለበሰው። እኛ ልጆቹ በ1983 ዓ.ም. በሞያሌ በኩል ስንወጣ «የሰው አገር ብርድ ይከፋል» ብሎ አሸከመን።

ናይሮቢ ስንደርስ በዚያ ጃኬት አፈርን። ከባድ ነው፣ ይሸታል፣ ገጠሬ ያስመስላል አልን። የቤት ኪራይ ሲጨንቀን አንድ የውጭ አገር ሰው ኮሌታውን ዳሰስ፣ የውስጡን ምልክት ገለጥ አድርጎ አየና የጠራንለትን ዋጋ ሳይከራከር ከፈለን። የአንድ ወር ኪራይ ነበር። ዛሬ ብንሆን ሳይከራከር የሚከፍል ገዢ ያስጠረጥረን ነበር። ያን ጊዜ ግን ተደስተን አደርን። ከዓመታት በኋላ የጦርነቱን ዘመን አብራሪዎች ፎቶግራፍ ስናይ፣ ያንኑ ኮሌታ፣ ያንኑ የወገብ ቀበቶ፣ ያንኑ ባለ ዚፕ እጅጌ አገኘነው።

አባታችን ስልክ በተገናኘን ቁጥር «ጃኬቱ ይሞቃል?» ይለን ነበር። «ይሞቃል፣ አባባ» እንለው ነበር። በ1996 ዓ.ም. ሲያርፍ እውነቱን አልነገርነውም። ወደ አሮጌ ጃኬት ንግድ የገባነው ለእንጀራ ነው። ነገር ግን አዲስ ቦንዳ ሲፈታ ሁልጊዜ መጀመሪያ የምንፈልገው ምን እንደሆነ እኛ እናውቃለን።

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ የተማርነውን ለሚገዛ ሰው እንንገር። አንደኛ፣ ጃኬቱን ቆማችሁ አትለኩት። ወንበር ላይ ተቀምጣችሁ መሪ እንደያዛችሁ እጃችሁን ዘርጉ። እጅጌው ወደ ክንድ ከሸሸ፣ ጀርባው ከተገለጠ ይቅርባችሁ። ረጅም ካፖርት ከመቀመጫ ሥር ስለሚሰበሰብ ለነጂ ወገብ ላይ ወይም ትንሽ ዝቅ ብሎ የሚያልቀው ይሻላል። ሁለተኛ፣ ኮሌታው ተነሥቶ አንገትን ሙሉ በሙሉ መሸፈን አለበት። በክፍት መኪና ንፋሱ ከፊት ብቻ አይመጣም፤ የፊት መስታወቱን ዘሎ ከወንበሩ ኋላ ይጠቀለልና ማጅራትን ይመታል። ሆኖም ኮሌታው ዞሮ ኋላን ከማየት እንዳያግዳችሁ ተጠንቀቁ። ሦስተኛ፣ ከዚፑ ኋላ ንፋስ የሚከላከል ቅዳጅ ቆዳ ወይም ጨርቅ መኖሩን፣ የእጅጌው ጫፍም መጥበቡን እዩ።

አራተኛ፣ ጠጉሩን በጣት ከፈል አድርጉ። ከሥሩ የቆዳ ገላ ከታየና ጠጉሩ ከቆዳው የበቀለ ከሆነ እውነተኛ ነው። የተሸመነ ጨርቅ ከታየ ሰው ሠራሽ ነው። አምስተኛ፣ አሮጌ ቆዳ በብብትና በትከሻ ስፌት በኩል ቀስ ብላችሁ እጠፉት። እንደ ደረቅ ቅጠል ከተሰነጠቀ፣ ዕድሜውን ጨርሷልና መልኩ አያታላችሁ። የበግ ቆዳ የዝናብ ልብስ አለመሆኑንም አትርሱ። ከራሰ በጥላ ይድረቅ እንጂ እሳት ዳር አይሰጣ፤ በፕላስቲክ ታሽጎም አይቀመጥ፣ ይሻግታል። «ከአያያዝ ይቀደዳል፣ ከአነጋገር ይፈረዳል» ያሉት አባቶቻችን ይህን ሳያውቁ አይደለም። ጓንትም ካስፈለገ የኢትዮጵያ ደጋ በግ ቆዳ ስስና ጠንካራ በመሆኑ ለጓንት ሥራ በዓለም የታወቀ መሆኑን በኩራት እንናገራለን።

ወጣቱ ወዳጃችን ስሱን ጃኬት መለሰልንና ጠጉራም የበግ ቆዳ ወሰደ። አሁን ከሊሙሩ አልፎ ቁልቁል ወደ ማይ ማሂዩ ይወርዳል። ያን መንገድ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን የሠሩት የጣሊያን ምርኮኞች ናቸው፤ መንገዱ ዳር ያለችውን ትንሽ ቤተ ክርስቲያንም በ1942 የሠሩት እነርሱ ናቸው። ጣሊያን በምሥራቅ አፍሪካ የተሸነፈበት ጦርነት ዋና ሜዳ ደግሞ የኛው አገር ነበር። አንድ እሑድ እኛንም አሳፈረን። ጉሙ ውስጥ ስንገባ የጣርማ በር ነገር ታወሰንና ሁለታችንም ዝም አልን።

በመጨረሻም አንድ ልመና አለን። አገር ቤት ያገለገለ ልብስን ሰልባጅ እንለዋለን፤ ከእንግሊዝኛው «ሳልቬጅ» የመጣ ቃል ነው፣ ከጥፋት የዳነ ንብረት ማለት ነው። ከናንተ መካከል ድንበር ሲሻገር የለበሰውን ካፖርት፣ የእናቱን ጋቢ፣ የአባቱን የሥራ ጃኬት ሻንጣ ውስጥ ያስቀመጠ ብዙ ሰው አለ። ከመጣላችሁ ወይም ከመሸጣችሁ በፊት የማን እንደነበረ፣ በየት በኩል እንደመጣ በወረቀት ጽፋችሁ ኪሱ ውስጥ አኑሩ። ከተቻለም ለማኅበሩ አሳዩ። አባትና እናት በሕይወት ካሉ ደግሞ ዛሬውኑ ደውላችሁ ጠይቁ፤ የተሸጠም ካለ እውነቱን ንገሩ። እኛ ዘግይተናል፤ እናንተ አትዘግዩ።

ቸር ይግጠመን።