በከዘራ ወደ ሃድሪያን መቃብር

ሮም ከተማ፣ ቲቤር ወንዝ ዳር ያለው ክቡ ግንብ "ካስቴል ሳንታንጄሎ" ይባላል። ለብዙ መቶ ዓመታት የጳጳሳት ምሽግና እስር ቤት ሆኖ ስለኖረ መቃብር መሆኑን ልብ የማይለው ጎብኚ ብዙ ነው። ያሠራው ንጉሠ ነገሥት ሃድሪያን ሲሆን፣ እርሱ በ138 ሲሞት ሥራው ስላላለቀ በ139 ያስፈጸመው ተተኪው አንቶኒኑስ ፒዩስ ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ማርከስ ኦሬሊየስም ያረፈው እዚሁ ነው። የመጨረሻው ደግሞ በ217 የተገደለው ካራካላ ነው።

እኔ ጉልበቴ ከታመመ ወዲህ ያለ ከዘራ አልንቀሳቀስም። መንገድ መሪ መጻሕፍት ስለ ግንቡ ታሪክ ብዙ ይላሉ፤ ስለ ደረጃው ግን ዝም ነው። ስለዚህ ይህን የምጽፈው እንደኔ ላለው ሰው፣ ወይም አረጋዊት እናቱን ይዞ ሮም ለሚሄድ ነው።

ወደ ግንቡ የሚያሻግረው ድልድይም በ134 የተመረቀ የሃድሪያን ሥራ ነው። ግራና ቀኝ የቆሙትን 10 መላእክት የነደፈው በርኒኒ ነው፤ በገዛ እጁ የቀረጻቸው ሁለቱ ግን ዛሬ ሌላ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ናቸው። መኪና አይገባበትም። የተነጠፈው ጥርብ ድንጋይ ግን ከዘራን ያንሸራትታል፣ የዊልቸር ጎማንም ያንገጫግጫል።

ዋናው ቁም ነገር ውስጥ ነው። ጥንታዊው ወለል ከዛሬው መሬት ዝቅ ስለሚል መጀመሪያ ወደ ታች መውረድ ያስፈልጋል። ከዚያ በኋላ ግን ሮማውያን ወደ መቃብሩ ክፍል የሚያወጣውን መንገድ የሠሩት በደረጃ ሳይሆን በራምፕ ነው። 125 ሜትር ገደማ የሚረዝም፣ ሕንጻውን በውስጥ እየዞረ ወደ 12 ሜትር ከፍታ የሚያደርስ ዋሻ መሳይ መተላለፊያ ነው። ስፋቱ 3 ሜትር፣ ከፍታው 6 ሜትር ይጠጋል። የነገሥታቱ አመድ የወጣው በዚህ ነው። ወለሉ ላይ እዚህም እዚያም የጥንቱ ሞዛይክ ቅሪት ይታያል።

ራምፕ ስለሆነ ግን ቀላል ነው ማለት አይደለም። ቁጥሮቹን ስናካፍላቸው ቁልቁለቱ 10 በመቶ ሊሞላ ምንም አልቀረውም፤ የዛሬው የጣሊያን ሕግ ለዊልቸር የሚፈቅደው ጣሪያ 8 በመቶ ነው። ብርሃኑ ደብዘዝ ያለ ነው፣ ወለሉም ወጣ ገባ አለው። በከዘራ ለሚሄድ ሰው ቀስ ብሎ፣ ግድግዳውን ይዞ እየቆመ ይወጣል። እኔ አራት ጊዜ አርፌያለሁ። ወጣቶቹ እየቀደሙኝ አለፉ፤ ሞዛይኩን ግን ከነሱ ይልቅ እኔ አይቼዋለሁ! በዊልቸር ያለ ሰው በዚህ መንገድ እንዲሞክር አልመክርም። ሊፍት የሚጠቀም ከሆነ የት ድረስ እንደሚያደርስና በዚያን ቀን መሥራቱን አስቀድሞ ይጠይቅ።

የመቃብሩ ክፍል ባዶ ነው። ዕብነ በረዱ ተገፏል፣ አመድ የያዙት ዕቃዎችም የሉም፤ ጎቶች ሮምን በዘረፉበት በ410 ተበታተኑ ይባላል። ብዙ ሰው በላዩ በተዘረጋው ድልድይ ፈጥኖ ያልፋል። እኔ ግን የመጣሁት ለዚህ ስለነበር ረጅም ጊዜ ቆሜአለሁ።

ከዚያ በላይ ያለው የጳጳሳቱ ነው፣ የጳጳሳቱ ደግሞ ደረጃ ነው። ራፋኤሎ ዳ ሞንቴሉፖ በ1544 የቀረጸው የዕብነ በረድ መልአክ ያለበትን ግቢ አይቶ መመለስ አያስቆጭም። ወደ ላይኛው ሰገነት የሚወስደው ጠባብ ደረጃ ነው፤ እኔ አልወጣሁትም። ጉልበት ከመውጣት ይልቅ በመውረድ እንደሚቀጣ የታመመ ሰው ያውቀዋል። ራምፑን ለመመለሻም አስቡት።

በጣሊያን የመንግሥት ሙዚየሞች አካል ጉዳተኛና አንድ አጃቢ በነጻ ይገባሉ፤ ማስረጃ መያዝ ነው። የወሩ የመጀመሪያ እሑድ መግቢያው ለሁሉም ነጻ ስለሆነ ግፊያው አይጣል ነው፣ ቢቀርባችሁ ይሻላል። ከግንቡ ወደ ቫቲካን የምትቀጥሉ ከሆነ መልካም ዜና አለ፦ ፒያሳ ፒያ በ2024 መጨረሻ መኪናው በምድር ውስጥ እንዲያልፍ ተደርጎ ለእግረኛ ተለቋል። ሜዳ ነው፣ ደረጃ የለውም።