ከአሻንጉሊቷ ቀሚስ ጀርባ ያሉ እጆች



ባለፈው ወር ተራው ደርሶኝ እኔ ቤት ስንሰበሰብ፣ ቡናው እስኪፈላ ቁም ሣጥኑ ውስጥ የተደረደሩትን አሻንጉሊቶች አይታችሁ «የልጅ ልጆችሽ ናቸው?» ብላችሁኝ ነበር። የኔ ናቸው። እዚህ አሜሪካ ያገለገለ ዕቃ ከሚሸጥባቸው ሱቆች አንድ በአንድ የለቀምኳቸው የድሮ ባርቢዎች ናቸው። በዚህ ዕድሜሽ ምን ያደርግልሻል ለምትሉኝ መልሴ ይኸውና። ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ጽፌዋለሁ።

ሩት ሃንድለር የምትባል አሜሪካዊት እናት ልጇ ባርባራ ከወረቀት የተቆረጡ የትልልቅ ሴቶች ምስሎችን ልብስ እየቀያየረች ስትጫወት ታያት ነበር። ያኔ አብዛኞቹ አሻንጉሊቶች ሕፃን የሚመስሉ ስለነበሩ ሴት ልጅ የምትጫወተው ያው እናት እናት ነበር። በ1956 ቤተሰቡ ስዊዘርላንድ ለዕረፍት ሄዶ ሳለ ሩት ሊሊ የተባለች የጀርመን አሻንጉሊት አየች። ሊሊ «ቢልድ» በተባለው ጋዜጣ ላይ ከሚወጣ የካርቱን ሥዕል የተቀዳች፣ በ1955 ለገበያ የወጣች ጎልማሳ ሴት ናት። ሩት ገዝታ ይዛት ተመለሰች። ከባለቤቷ ከኤሊየት ጋር ያቋቋሙት ማቴል የተባለው ኩባንያም ሊሊን መነሻ አድርጎ ባርቢን ሠራ። ማርች 9 ቀን 1959 ኒው ዮርክ ውስጥ በመጫወቻዎች ዐውደ ርእይ ላይ ቀረበች። ቁመቷ 29 ሴንቲ ሜትር ያህል፣ ዋጋዋ 3 ዶላር ነበር። ልብሶቿ ግን ለብቻቸው ነበር የሚሸጡት።

ሰብሳቢ የመጀመሪያዋን ባርቢ የሚለየው እግሯን ገልብጦ ነው። ከመቆሚያዋ ጋር የሚያያይዟት፣ ውስጣቸው በመዳብ የተለበጠ ቀዳዳዎች መርገጫዋ ላይ አሉ። መልኳ በጊዜ ብዛት ነጥቶ የዝሆን ጥርስ ይመስላል። ጉትቻዋ ሳይወልቅ የኖረች እንደሆነ ደግሞ ብረቱ ጆሮዋን አረንጓዴ ያደርገዋል፤ ያን ጊዜ ዋጋዋ ይወርዳል። የመጀመሪያዋ እኔ ጋ የለችም፤ አቅሜም አይፈቅድ።

እኔን የያዘኝ ልብሷ ነው። ልብሶቹን የነደፈችው ሻርሎት ጆንሰን የምትባል ባለሙያ ስትሆን፣ ሥራውን ለመከታተል አንድ ዓመት ያህል ጃፓን ተቀምጣለች። አሻንጉሊቷም ልብሷም የሚሠሩት እዚያ ነበርና። ቀሚሶቹን የሰፉት በየቤታቸው ተቀምጠው ሥራ የሚቀበሉ ጃፓናውያን ናቸው። እስቲ አስቡት፤ መዳፍ በማይሞላ ቀሚስ ላይ ገበር፣ ዚፕ፣ የምር የሚቆለፍ ቁልፍ! ስፌት የምታውቁ የዚህን ድካም ታውቁታላችሁ።

አንድ ቀን የአንዷን ቀሚስ ጠርዝ ልጠግን ገለበጥኩት። በእጅ የተወሰደው ስፌት ደቃቅና እኩል ነው፤ አንድ ቦታ ላይ ግን ክሩ አልቆባት ኖሮ ቋጥራ እንደገና ጀምራለች። ቋጠሮዋን ሳይ ዓይኔ እንባ አቀረረ። እኔም ወደዚህ አገር በመጣሁ ጊዜ ልጆቼን አስተኝቼ፣ በቁጥር እየተከፈለኝ ሌሊቱን ስሰፋ አነጋ ነበር። ስንት እንደሰፋሁ ይቆጠራል እንጂ ማን ሰፋው ብሎ የጠየቀ አልነበረም።

የሩትን ስም መጻሕፍት ይዘውታል፤ የሻርሎትንም ሰብሳቢዎች ሁሉ እናውቀዋለን። የዚያችን ቋጠሮ ባለቤት ስም ግን የሚነግረኝ የለም። ያለኝ ምስክር የአሻንጉሊቷ ጫማ ሶል ላይ በደቃቅ ፊደል የታተመው «ጃፓን» የሚል ቃል ብቻ ነው። ስለዚህ በመዝገቤ ውስጥ ከእያንዳንዱ ቀሚስ ስም ሥር «ቤቷ ተቀምጣ በሰፋች ሴት እጅ የተሠራ» ብዬ እጽፋለሁ። ዋጋውን አይጨምረውም፤ እኔ ግን ካልጻፍኩት የጎደለ ይመስለኛል።

ለማኅበራችን አንድ ሐሳብ አለኝ። ለሽያጭ በምናቀርበው ጥልፍና ስፌት ሁሉ ላይ፣ በውስጥ በኩል፣ የሠራችው እኅት ስሟን በክር ትጻፍበት። ከሃምሳ ዓመት በኋላ አንዷ ልትጠግነው ስትገለብጠው ማን እንደሰፋው ታውቃለች።