ራስ ለራስ የተቀበሩ ልጆች

ስለ ጥንታዊው የጋርዮሽ ሥርዓት ያልሰማ ተማሪ የለም። ሰው እያደነ፣ ሥራ ሥር እየቆፈረ በሚኖርበት ዘመን ትርፍ ምርት አልነበረም፤ ትርፍ ከሌለ ጌታና ሎሌ የለም፤ እህል መዝራትና ጎተራ መሙላት ሲጀመር ግን የሰው ልጅ በመደብ ተከፈለ ይባላል። አካሄዱ ቀና ነው፤ ለፈተናም ይመቻል። ታዲያ ይህን ትምህርት ይዘን ሩሲያ ውስጥ ወደተገኘ አንድ መቃብር ብንወርድ ምን እናያለን?

ቦታው ሱንጊር ይባላል። ከሞስኮ በስተምሥራቅ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ ከቭላዲሚር ከተማ አጠገብ ይገኛል። በ1955 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ለሸክላ የሚሆን አፈር ሲቆፈር የጥንት ሰዎች ሰፈር ብቅ አለ። ኦቶ ባደር የተባሉት የአርኬዎሎጂ ሊቅ ከ1956 ጀምሮ ቁፋሮውን መሩ። በ1964 የአንድ ጎልማሳ መቃብር ተገኘ፤ በ1969 ደግሞ የዛሬው ነገራችን የሆነው የሁለት ልጆች መቃብር ተከፈተ። ዕድሜው 34,000 ዓመት ገደማ ነው። እንግዲህ ልብ በሉ፤ በምድር ላይ አንድ ማሳ እንኳ ከመታረሱ ከሃያ ሺህ ዓመት በላይ ቀደም ብሎ ማለት ነው።

ልጆቹ ጠባብና ረጅም ጉድጓድ ውስጥ በጀርባቸው ተንጋለው፣ ራስ ለራስ ገጥመው ተጋድመዋል። አንደኛው 12 ዓመት ገደማ፣ ሁለተኛው 10 ዓመት ገደማ ይሆነዋል። ቀይ አፈር ተነስንሶባቸዋል። በአጠገባቸው ከማሞዝ ጥርስ የተሠሩ ጦሮች አሉ (ማሞዝ ዛሬ ከምድር የጠፋው ጠጉራም ዝሆን ነው)። ረጅሙ ጦር 2.4 ሜትር ያህላል። የማሞዝ ጥርስ እኮ ቆልማማ ነው! ያንን አቃንቶ ጦር ማድረግ ቀላል ጥበብ አይደለም። በትልቁ ልጅ ወገብ ዙሪያ ከ250 በላይ የቀበሮ ክራንቻዎች ተገኝተዋል፤ የመታጠቂያው ጌጥ ሳይሆኑ አይቀሩም። በጎኑ ደሞ የሌላ ሰው የጭን አጥንት ተቀምጧል፤ ውስጡ በቀይ አፈር የተሞላ።

ከሁሉ የሚያስገርመው ግን ዶቃው ነው። ልብሱ ከበሰበሰ ቆይቷል፤ በላዩ ተሰፍተው የነበሩት ከማሞዝ ጥርስ የተቀረጹ ዶቃዎች ግን እንደተደረደሩ ቀርተዋል። የሁለቱ ልጆች ሲደመር 10,000 ያህል ይሆናል። የጎልማሳው ሰውዬ 3,000 ገደማ ነው። አንዷን ዶቃ ቆርጦ፣ በስቶ፣ አለስልሶ ለመጨረስ አንድ ሰዓት ያህል ይፈጃል ብለው ተመራማሪዎች ገምተዋል። አንድ ሰው በቀን 8 ሰዓት ቢሠራ ከሦስት ዓመት በላይ ይፈጅበታል ማለት ነው። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይባል የለ? ይህ ጌጥ የብዙ ሰው እጅ ሳይኖርበት አይቀርም።

ሙግቱ የሚነሣው እዚህ ላይ ነው። የልጆቹ ዶቃዎች ከጎልማሳው አነስ ያሉ ናቸው። ስለዚህ ለነሱ ተብለው የተሠሩ ይመስላል። የአሥር ዓመት ልጅ ደግሞ በአደን ጀግንነት ይህን ክብር አገኘ አይባልም። እንግዲያው ክብሩ በዘር የመጣ ነው፤ የባላባት ልጆች ነበሩ፤ መደብ ከእርሻ በፊት ነበረ የሚሉ ሊቃውንት ተነሥተዋል።

እኔ ግን በዚህ ድምዳሜ አልረካሁም። አንደኛ፣ ታናሹ ልጅ የጭኖቹ አጥንት አጭርና ጎባጣ ነበር። በጣሊያን አገር በሮሚቶ ዋሻ፣ እንዲሁም በቼክ አገር በዶልኒ ቬስቶኒትሴ፣ በዚያው በበረዶ ዘመን ከሌላ ሰው ጋር አብረው ከተቀበሩት መካከል አካላቸው ከሌላው ሰው የተለየ ተገኝተዋል። ስለዚህ ክብሩ የሥልጣን ሳይሆን፣ ለተለየ ሰው የተሰጠ የተለየ ስፍራ ሊሆን ይችላል። ሁለተኛ፣ ልጆቹ ለብዙ ዓመታት ወንድና ሴት ናቸው ሲባል ኖረ። በ1997 ወይም በሌላ ጊዜ አልነበረም ይህ የተቃናው፤ በ2017 የታተመ የዲ ኤን ኤ ጥናት ነው ሁለቱም ወንዶች መሆናቸውን የገለጠው። ወንድማማቾች ቀርቶ የቅርብ ዘመዶችም አልነበሩም። የአንድ ባላባት ቤት ልጆች ናቸው የሚለውን አባባል ይህ አያግዘውም።

ሦስተኛውና ለኔ ዋናው ነጥብ ይህ ነው። ሀብት መደብን የሚፈጥረው ሲከማችና ሲወረስ ነው። የሱንጊር ሰዎች ግን ያን ሁሉ ድካማቸውን አፈር አለበሱት። ከዚያ ጦር የወረሰ ልጅ የለም፤ በዚያ ዶቃ የተገዛ ሎሌ የለም። የተቀበረ ሀብት የሚናገረው ስለ ሟቹ ሥልጣን ብቻ አይደለም፤ ስለ ቀባሪዎቹ ሐዘንም ይናገራል።

ይህን ስል በዚያ ዘመን ሁሉም ሰው እኩል ነበር ማለቴ አይደለም። እዚያው ሱንጊር ሌሎች ሰዎች እንዲህ ያለ ጌጥ ሳይደረግላቸው ቀርተዋል፤ ልዩነት ነበረ። የምለው፣ ልዩነት ሁሉ መደብ አይደለም ነው። የጋርዮሹን ዘመን በአንዲት ዐረፍተ ነገር የሚዘጋው መምህርም፣ ዶቃ ቆጥሮ ባላባት የሚሾመው ሊቅም ያው አንድ ነገር ያደርጋሉ፤ መቃብሩን ሳይጠይቁ መልሱን ያውቁታል። የሚቃወመኝ ካለ ብዕሩን ያንሣ፤ ገጹ ክፍት ነው።