ከከበሮው እስከ ድራሙ

በሰከላ ወረዳ በግሽ ዓባይ የንግሥ በዓል ሲከበር ማኅሌቱን በትዕግሥት የሚከታተል ሰው የከበሮውን ድርሻ በቀላሉ ያስተውላል። ቁም ዜማው ያለ ከበሮ ይዜማል፤ በዝማሜው መቋሚያው ይወዛወዛል፤ ከበሮው የሚገባው በመረግድ ነው። ጽፋት ላይ ሲደረስ ምቱ ይፈጥናል፣ ጭብጨባውም ይከተላል። ከበሮ መቺው ዜማውን አይመራም፤ እርሱ ከሳተ ግን የመዘምራኑ ሁሉ እርምጃ ይዛነፋል። ሰፊው አፍ ወፍራም፣ ጠባቡ አፍ ቀጭን ድምፅ ሲሰጥ አንድ ሰው በሁለት እጁ ሁለቱን ያነጋግራል። በሠርግ ቤትም ከበሮ በአንገት ተንጠልጥሎ እስክስታውን ያስወርዳል።

በአዲስ አበባ በክቡር ዘበኛና በፖሊስ ኦርኬስትራዎች፣ ኋላም በግል ባንዶች የተለመደው ድራም ይህንኑ ሥራ ለእግርም ጭምር አከፋፈለው። ወፍራሙን ድምፅ እግር በፔዳል ይመታዋል፤ እጆቹ ለቀጭኑና ለጸናጽሉ ይተርፋሉ። የአሜሪካ ሶል ሙዚቃ ምት ቢገባበትም ስድስት ተቆጥሮ የሚዞረው የሀገር ቤት ችክችካ አልጠፋም።

የዋልያስ ባንድ ድራም ተጫዋች አቶ ተማረ ሐረጉ በዚህ መገናኛ ላይ ከቆሙት አንዱ ናቸው። ባንዱ በአዲስ አበባ ሒልተን ሆቴል ይጫወት በነበረበት በደርግ ዘመን ሰዓት እላፊ ስለ ነበረ፣ ታዳሚው እስኪነጋ ከሆቴሉ አይወጣም፤ ሙዚቀኞቹም እስኪነጋ ይጫወታሉ። ዘፋኝ ድምፁን ሊያሳርፍ ይችላል፤ ድራም ተጫዋች ግን ዕረፍቱ ከባንዱ ሁሉ ጋር ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ1977 የወጣው «ቼ በለው» የተሰኘው አልበም የግርማ በየነን ድርሰት «ሙዚቃዊ ስልት»ን ይዟል። ሥራው በመሣሪያ ላይ የተመሠረተ ስለ ሆነ የኃይሉ መርጊያ ኦርጋን ከፊት ቢሰማም፣ ከሥር የያዘውን ምት የሚሸፍን የዘፋኝ ድምፅ የለም። የሀገራችን የሙዚቃ ታሪክ እስከ ዛሬ በአመዛኙ የዘፋኞች ታሪክ ሆኖ መጻፉ ያስቆጫል።

እ.ኤ.አ. በ1981 ባንዱ ወደ አሜሪካ ተጓዘ። ኃይሉ መርጊያ፣ ግርማ በየነ፣ ሞገስ ሀብቴና መላኩ ገብሬ እዚያው ቀሩ፤ አቶ ተማረና መለከት ነፊው ዮሐንስ ተኮላ ግን ተመለሱ። ኃይሉ በዋሽንግተን ታክሲ ሲነዱ ኖረው ከብዙ ዓመታት በኋላ ዓለም እንደ አዲስ አገኛቸው። የተመለሱት የዋልያስን ስም እስከ 1990ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) በአዲስ አበባ ጠበቁ። በእነዚያው ዓመታት ምቱን በውስጡ የያዘ ኪቦርድ እየተስፋፋ ሄደ፤ የምሽት ቤቶችም ለሰባትና ለስምንት ሙዚቀኛ ይከፍሉት የነበረውን ለአንድ ሰው መክፈል ጀመሩ።