ሰይፍ ዋጩና አባቴ

አባቴን ከኡካ ይዣቸው የወጣሁት የጨጓራ ሕመማቸው በኢንዶስኮፒ እንዲታይ ነበር። «ቱቦ ሊያስውጡኝ ነው?» አሉኝ። ፍርሃታቸው የቆየ ታሪክ አለው።

እ.ኤ.አ. በ1868 ጀርመናዊው ሐኪም አዶልፍ ኩስማውል የሰውን ጨጓራ በቱቦ ለማየት ሲነሣ ሰይፍ ዋጭ ፈለገ፤ ያን የማይታጠፍ ብረት ሌላ ማን ይችለዋል? በ1957 ባዚል ሂርሾዊትዝ ተጣጣፊውን መሣሪያ ሲሠራ ግን አስቀድሞ የዋጠው ራሱ ነበር። «በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት» የሚለውን ተረት የሻረ ሐኪም፣ አልኩ በልቤ።

ነርሷ ጉሮሯቸውን አደንዝዛ፣ የሚያረጋጋውን መድኃኒት በደም ሥር ሰጥታ በግራ ጎናቸው አስተኛቻቸው። በጣታቸው ላይ የተሰካውን የኦክስጅን መለኪያ እያየች እጃቸውን ያዘች። ሲነቁ የጠየቁኝ ስለ ቱቦው አልነበረም፤ «ያቺ ልጅ የት ሄደች?» አሉኝ እንጂ።