የአመክሮ ሠራተኛ ሸክም

በጠረጴዛህ ላይ የተከመረው መዝገብ ሁሉ ስለ ሰው ሕይወት የተጻፈ ቢሆን፥ ከነዚያም ሰዎች አንዱ ዛሬ ማታ ቢያጠፋ ነገ የምትጠየቀው አንተ ብትሆን፥ እንቅልፍህ እንዴት ያለ ይሆን ነበር? የአመክሮ ሠራተኛ ኑሮ ይኸው ነው። ዳኛ ጥፋተኛውን ወደ ወህኒ ከመስደድ ይልቅ ለተወሰነ ጊዜ ጠባዩ እንዲፈተን ሲፈቅድ፥ ሰውየውን የሚከታተለው፥ የሚመክረውና አካሄዱን ለፍርድ ቤት የሚያስታውቀው እርሱ ነው። በአገራችንም በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ እንዲህ ያለውን ፈተና ደንግጎ ነበር።

ሥራው የተጀመረው በአንድ ጫማ ሰፊ ነው። ጆን ኦገስተስ የተባለው የቦስተን ሰው በ1841 (ከዚህ በኋላ ያለው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) በፍርድ ቤት ሳለ፥ አንድ ሰካራም ተከሶ ሲቀርብ አየና ዋስ ሆነው። ከሦስት ሳምንት በኋላ ሰውየው መጠጡን ትቶ ሌላ ሰው መስሎ ቢቀርብ፥ ዳኛው ከኪሣራው ጋራ አንድ ሳንቲም ብቻ ቀጣው። ጫማ ሰፊውም በ1859 እስኪሞት ድረስ ወደ 2,000 ለሚጠጉ ሰዎች ዋስ ሆነ። ደመወዝ አልነበረውም፤ እንዲያውም ሥራው ኪሱን እያራቆተው መሆኑን ራሱ በ1852 ባሳተመው መግለጫ ጽፏል።

በእንግሊዝም አገር እንዲሁ በበጎ ፈቃድ ተጀመረ። በ1876 ፍሬድሪክ ሬይነር የተባለ አታሚ ስካርን ለሚከላከል የቤተ ክርስቲያን ማኅበር አምስት ሽልንግ ሰጠና፥ ማኅበሩ ወደ ፍርድ ቤቶች መካሪዎችን ላከ። የ1907 ሕግ ይህን አገልግሎት የመንግሥት ሥርዓት ሲያደርገው፥ ሠራተኛው ጥፋተኛውን እንዲመክር፥ እንዲረዳና እንዲወዳጅ አዘዘ። መልካም ትእዛዝ ነው! ነገር ግን አንድ ሰው ለስንት ሰው ወዳጅ ሊሆን ይችላል? መንግሥት ከነዚያ ደጋግ ሰዎች ሥራውን ሲረከብ፥ ቅን ልብ ያለው ሰው አይደክምም የሚለውንም አሳብ አብሮ የወረሰ ይመስለኛል። ሠራተኞቹ በ1912 የራሳቸውን ማኅበር ማቋቋማቸው ያለ ምክንያት አልነበረም።

በ2014 የእንግሊዝና የዌልስ አመክሮ ለሁለት ተከፈለ፤ አደገኛ የተባሉትን ጥፋተኞች መንግሥት ሲይዝ፥ የቀሩት ለኩባንያዎች ተሰጡ። በ2021 እንደገና ወደ መንግሥት ተጠቃለለ። ተቆጣጣሪዎች ግን ከዚያ በፊትም ሆነ በኋላ የሠራተኛው ሸክም ከልክ ማለፉን ደጋግመው ጽፈዋል። የደከመው ሠራተኛ ሥራውን ሲለቅ መዝገቡ ለቀሩት ይከፋፈላል፤ እነርሱም በተራቸው ይደክማሉ። ስለ ግፍና ስለ ድብደባ ሲሰማ የዋለ ሰው ያን ሰምቶ ወደ ልጆቹ ይገባል። ስለዚህ ለሠራተኛው ደኅንነት ተብሎ የሚደረገው ግብዣና ምስጋና ብዙም አይረባውም፤ የሚረባው የመዝገቡ ቁጥር መቀነሱ፥ አዋቂ አለቃም በየጊዜው አጠገቡ ተቀምጦ ስለ ከበደው ጉዳይ ማዳመጡ ነው።

ዛሬ በዚያ አገር የእያንዳንዱ ሠራተኛ ሸክም በመቶኛ ይሰላል። ቁጥሩ ከመቶ ሲያልፍ አለቃው ያየዋል፤ መዝገቡን የሚቀበል ሌላ ሰው ካላገኘ ግን፥ ሠራተኛው ያንኑ ተሸክሞ በማግሥቱ ቢሮ ይገባል።