የኒው ዮርክ ከተማ የምግብ ቤቶችና የአይጥ ቁጥጥር

በኒው ዮርክ ከተማ ለምግብ ቤቶች ፈቃድ የሚሰጠውና ንጽህናቸውን የሚመረምረው የከተማዋ ጤና መምሪያ ነው። የመምሪያው መነሻ እ.ኤ.አ. በ1866 የኮሌራ ስጋት ባንዣበበበት ወቅት የተቋቋመው የጤና ቦርድ ነው።

ምግብ ቤት ለመክፈት ፈቃድ ያስፈልጋል፤ በሥራ ሰዓትም የምግብ ጥንቃቄ ትምህርት ወስዶ የምስክር ወረቀት ያገኘ ኃላፊ ከቦታው መጥፋት የለበትም። መርማሪዎች የሚመጡት ሳያሳውቁ ነው። ቴርሞሜትራቸውን ሾርባው ውስጥ ነክረው ሙቀቱን ይለካሉ፤ ትኩስ ሆኖ የሚቆይ ምግብ ከ60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች መውረድ የለበትም። ከማቀዝቀዣው ጀርባ የአይጥ ዓይነ ምድር ይፈልጋሉ፣ የእጅ መታጠቢያውን ያያሉ። እያንዳንዱ ጥፋት ነጥብ አለው፤ እስከ 13 ነጥብ «ኤ»፣ ከ14 እስከ 27 «ቢ»፣ ከዚያ በላይ «ሲ» ደረጃ ያሰጣል። መጀመሪያ «ኤ» ያላገኘ ቤት በድጋሚ ይመረመራል። እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ ደረጃው መንገደኛ በሚያየው ቦታ ይለጠፋል፤ የሥርዓቱ ትልቁ ጉልበትም ይህ ነው፤ ባለቤቱ ከቅጣቱ ይልቅ ደንበኛ ማጣትን ይፈራልና።

አይጥ የታየበት ሕንፃ ባለቤት እንዲያጸዳ ይታዘዛል፤ ካላደረገ ከተማው ራሱ ሠርቶ ወጪውን ያስከፍለዋል። መርዝ ብቻውን ግን አይበቃም፤ አይጥን የሚያራባው በየመንገዱ በፕላስቲክ ከረጢት የሚከመረው ቆሻሻ ነው። ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ2024 ንግድ ቤቶች ሁሉ፣ ቀጥሎም አነስተኛ የመኖሪያ ሕንፃዎች፣ ቆሻሻቸውን ክዳን ባለው ማጠራቀሚያ እንዲያወጡ ተደነገገ።